ስምንትና ዘጠኝ

አለቃ ዕንባቆም፣ መነጽሩን ጠርጎ፣
ስሜን ዘረዘረው፣ ፊደል ቁጥር አድርጎ።
"የእናትህስ?" አለኝ፣ እርሳሱን ልሶ፤
"በግማሽ ስም ኮከብ አይወጣም ጨርሶ።"

የኔ እናት ሁለት ናት።
አንዷ ይመኙሻል፤ እኔ ስመጣ ሄደች፣ መልኳን አላውቃት።
ሌላዋ ጥሩዬ፤ አራዳ ገበያ በርበሬ የምትሰፍር፣
እንባዬን ስትጠርግ ዓይኔን የምታሳርር።

ሁለቱንም ነገርኩት።
ቆጠረ፣ ደመረ፣ በአሥራ ሁለት ገደፈ፤
በይመኙሻል ስም ስምንት ተረፈ።
"አቅራብ ነህ፣ ውሃ ነህ፤ ከልጅቱ ጋራ ትስማማላችሁ።"
በጥሩዬ ግን ዘጠኝ።
"ቀውስ። እሳት" አለኝ፤
"እሷ ሑት ናት ልጄ፤
ወይ ታጠፋሃለች፣ ወይ ታደርቃታለህ፤
ሕጉ በወለደች ነው፣ ተው ምን ቸገረህ?"

ብሩን ከምንጣፉ ሥር አኑሬ ወጣሁ።
ግንቦት ነው፤ መብራት ጠፍቷል፤
ከቀሃ ድልድይ ላይ ወደ ሰማይ አየሁ።
በአንገረብ በኩል ጊንጡ ብቅ ብሏል፣
ቀይ ልቡ እየበራ፣ ጭራውን ቆልምሞ፤
ቀስተኛው ከኋላው፣ ገና ከጋራው ሥር፣
ደጋኑን ይዞ እንጂ አልወጣም ፈጽሞ።
ክንዴን ዘረጋሁና በጣቴ ለካሁት፤
ስምንትና ዘጠኙን፣
ያን ሁሉ ጠባቸውን፣
በአንዲት ስንዝር ከደንኩት።

ቆየሁ እዚያው፤ ውሻ እስኪለምደኝ።

ነገ የልጅቱ አባት ኮከቤን ቢጠይቁኝ፣
"የበርበሬ ሰፋሪዋ ልጅ ነኝ" እላለሁ፤
"ዘጠኝ ነኝ፤
ውሃዋ ራሷ ትምጣና ታጥፋኝ።"