ዘጠኝ መቶ አርባ

ሸርጣን አጥማጅ ነኝ፣ የፑንታ አሬናስ ሰው፣
ነፋስ ያሳደገኝ፣ ጨው እጄን ያረሰው።
ሕጋችን ቀላል ነው፦ ልኩ ካልደረሰ
ወጥመድ የያዘውም ባሕር ተመለሰ።

ያን ሌሊት ኔሊዳ በልጄ ራስ ዙሪያ
ሜትሯን ስታዞር፣ እንደ ክር ማሰሪያ፣
ጉልበቴ ከዳኝ፤ «አነሰች» ብትልስ?
ወደ የትኛው ባሕር ልጅ ይዤ ልመለስ?

ዘጠኝ መቶ አርባ ግራም፣ ሚሬያ፣ ከነስሟ፤
በአራተኛው ቀን ግን ሰባው የለም፤ ሳሳ አቅሟ።
ሚዛኑን ሰደብኩት። ሌላ አምጡ አልኩኝ።
ነርሷ አልተቆጣች፤ ወረቀት አሳየችኝ፦

«ውሃ ነው የጎደለው፣ ሁሉም ይከሳሉ፤
በሁለት ሳምንታቸው መልሰው ይሞላሉ።
ዕድሜዋም ሁለት ነው፦ አንዱ ከልደቷ፣
አንዱ ደግሞ መድረስ ከነበረባት ዕለቷ።
በሁለተኛው ብንሄድ ገና መንገድ ላይ ናት፤
ሳትደርስ አረፈደች ብለህ አትውቀሳት።»

ነጥብ በእርሳስ። በሳምንቱ ሌላ ነጥብ።
ሃያ ግራም የጨመረች ለት ረሳሁት ረሃብ።
መስመሯ ከሌሎቹ መስመር በታች ነው የሚሄደው፣
ግን ይሄዳል፤
እንደ ጀልባ፣ ማዕበል ሲወርድ ይወርዳል፣
ሲወጣም ይወጣል።

ትናንት ሥራ ገባሁ። ወጥመዱን ስስበው
አንድ ሸርጣን አነሰኝ፤ ጥፍር ነው የጎደለው።
ልወረውር ብዬ መዳፌ አልላላ።
ስንት ይሆናል ይህ? ዘጠኝ መቶ... ኋላ
አጎነበስኩና በሁለት እጄ ይዤ
ውሃው ላይ አኖርኩት፤ ቆምኩኝ ፈዝዤ።

ኤላድዮ ከመሪው ሳቀብኝ።
ይሳቅ።