የቃጫ ውሃ

ጉሙ ከጣርማ በር፣ ቁልቁል ተንከባሎ፣
ደብረ ሲና መሐል፣ ደጄ ላይ ተጥሎ፣
የመድኃኒት ቤቴን፣ መስታወት ሲያለብሰው፣
ገመድ ሻጩ ጥላዬ፣ ከቆላ የመጣው፣
ሸክሙን ሳያወርድ፣ እጁን ዘረጋልኝ፤
«እስቲ ይኼን ነገር፣ አንዴ እዪልኝ» አለኝ።

መዳፉ ተላልጦ፣ ጣቱ መሐል ቀልቶ፣
ክንዱ ድረስ ሽፍታ፣ እንደ ምስር ወጥቶ፣
ሌሊት ስለሚያከው፣ ጥፍሩ ደም ቋጥሯል።
መርዝ ነክቶ እንደሆነ፣ ብጠይቀው ስቋል፦
«የምን መርዝ አመጣሽ፣ ቃጫ ነው የበላኝ፤
ሃያ ስድስት ዓመት፣ ስፍቀው ያበላኝ።»

ሸዋ ሮቢት ግርጌ፣ ወይናደጋው ሲያልቅ፣
ቅጠሉን በድንጋይ፣ ሲቀጠቅጥ፣ ሲፍቅ፣
አረንጓዴው ጭማቂ፣ እስከ ክርኑ ወርዶ፣
ማታ ሲታጠብም፣ አይለቅም ተላምዶ።

ኮሌጅ ሳለሁ ያኔ፣ በደብረ ብርሃን ብርድ፣
መምህር ባዩልኝ፣ አንድ ቁንጥር እንዶድ፣
በብልቃጥ ውሃ ውስጥ፣ ጨምረው ናጡና፣
«ሰዓታችሁን ያዙ» አሉን፣ ቆሙና።
አረፋው አልሞተም። አምስት ደቂቃ፣ አሥር፣
ሩብ ሰዓት ሞላ፣ እንደ ቆመ ነበር።
«ሳፖኒን ይኼ ነው፤ ሁለት እጅ ዘርግቶ፣
ባንዱ ውሃ ጨብጦ፣ ባንዱ ስቡን ጎትቶ፣
እድፍ ያስለቅቃል፣ ዓሣም ይገድላል፤
ማጠብና መግደል፣ ባንድ ቀን ያድላል።»

እናቴ ወንዝ ዳር፣ ነጠላ ስታጥብ፣
እኔ ከታች ቆሜ፣ ሆዱን ለሰማይ የሰጠ ዓሣ ስሰበስብ፣
ለምን እንደሚሞት፣ ጠይቄ ነበረ፤
መልሱ ዓመታት ቆይቶ፣ ብልቃጥ ውስጥ አደረ።

ቃጫና እንዶዱ፣ በዘር ባይዛመዱ፣
አረፋ ላይ ሲደርስ፣ አንድ ነው መንገዱ።
ለጥላዬ ታዲያ፣ ይኼን እንዴት ልንገር?
ቅባቷን አንስቼ፣ እንዲህ ጀመርኩ ነገር፦

«ይኸውልዎት ጋሼ፣ ያ የሚበላ ውሃ፣
ባሕር ማዶ ቢሆን፣ አይደፋም በረሃ፤
በአሲድ ያፈሉታል፣ ስኳሩ እስኪቆረጥ፣
ከሥጋው ተላቆ፣ አጥንቱ እስኪገለጥ።
አራት ቀለበት ነው፣ የተያያዘ አጥንት፤
የእኛም አካል ይሠራል፣ ይህን ያለ ስስት፣
ከኩላሊት በላይ፣ ካለችው እጢ ውስጥ፤
እነሱም ይችላሉ፣ ቅርጹን በመለወጥ፣
ይቺን ቅባት መሥራት፤ ስሟም ስቴሮይድ ነች፣
የተቆጣን ቆዳ፣ ቶሎ ታበርዳለች።
ይቺ ከቃጫ ትሁን፣ ከባሕር ማዶ ቦዬ፣
ጥቅሉ ላይ አይጽፍም፤ አልዋሽም ጋሽዬ።»

ዝም ብሎ ሰማኝ፣ ገመዱን ሳያወርድ።
ከዚያ ሣቁ መጣ፣ ከሳሉ ጋር ሲወርድ፦

«ስንት ነው?»
«ዘጠና አምስት ብር።»
«ወይ ጉድ! ሃያ ስድስት ዓመት
ለሮቢ ወንዝ በነጻ የደፋሁትን፣
ዛሬ በአውራ ጣት ልክ
ልግዛው ትይኛለሽ፣ በእጄ የጨመቅሁትን?»

መልስ አልነበረኝም።
መምህር ባዩልኝም ይኼን አላስተማሩን።

«በስሱ ይቀቡ፣ ሁለቴ በቀን፤
ከሳምንት አይለፍ፣ ያሳሳል ቆዳን።»
ይህን ስል፣ ከጎኑ ተራ የምትጠብቅ ኮረዳ አንገቷን ደፋች፤
ፊቷ እንዲጠራላት ይኼንኑ ስትቀባ ወራት ከርማለች፤
ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥር፣
ቀይ የሸረሪት ድር።

አንድ ሃምሳ፣ ሁለት አሥር፣ ኪሱ አለቀበት፤
አንድ ገመድ ፈትቶ፣ ጉበኔ ላይ አሰራት፤
«ቀሪው ይኼ ይሁን።» ከነወዙ ነበር፣ በደንብ ያልታጠበ፤
ቱቦዋን በጣቱ ጫፍ ይዞ፣ ጉሙ ውስጥ ገባ።

ከሰዓት ዝናብ ጣለ፣ ጉሙን ሰነጣጥቆ፤
ገመዱ ጠብ ጠብ አለ፣ ጠጥቶ፣ ተጨምቆ።
ከጠብታው ሥር፣ ደፉ ላይ፣ ብቅ አለ አረፋ፤
ጠበቅሁት። ነፋስ መታው። እሱ ግን አልጠፋ።

ሰዓቴን አየሁ።
አምስት ደቂቃ። አሥር።