ጫማ ጠባቂው

ብርዱ ከደባርቅ ወርዶ፣ ቀሃን ተሻግሮ፣
ጋቢዬን ሊጋራኝ መጣ፣ ከእግሬ ጣት ጀምሮ።
ሰው ሁሉ ወደ ውስጥ፣ እኔ ብቻ ከደጅ፤
ዱላ በአንዱ ክንዴ፣ ባትሪ በአንዱ እጅ።
መብራቱ ከሦስት ሰዓት ጀምሮ ጾም ገብቷል፤
በየመስኮቱ ጧፍ ብቻ ብቅ ጥልቅ ይላል።

ፊትማ በሌሊት ነጠላ ውስጥ ያለ፤
እኔ የማነበው ከእግር የተነጠለ፣
በየእርከኑ ላይ የተደረደረ፣
ግማሹ የሳቀ፣ ግማሹ ያረረ።

ይኸ የእንየው ነው፣ የጃንተከሉ ሰፊ፤
የሰው ቀዳዳ ደፍኖ፣ የራሱ ጫማ ግን ቀዳዳው ሰፊ።
ይኸ ከስክስ ጫማ ከአዘዞ የመጣ፤
ጭቃው የሌላ አገር፣ ታጥቦ ያልወጣ።
ባለቤቱ ሊፈታው ቁልቁል ሲያጎነብስ
ማሰሪያው ላይ ዘገየ፤ አየሁት ዓይኑን ሲያብስ።
ይህ ትልቅ የወንድ ጫማ የወይዘሮ ሙሉጎጃም ነው፤
አፍንጫው ላይ ጨርቅ የጠቀጠቀችው፣ ከሟች ባሏ የወረሰችው።
ስትሄድ የሁለት ሰው ይመስላል ኮቴዋ፤
አንዱ እርምጃ የሱ፣ አንዱ የራሷ፣ የብቻዋ።
ባለ ተረከዙ፣ የታጨችው ባዩሽ፤
ለጥር ሠርጓ ገዝታ፣ አላስችል ብሏት ዛሬ ልታሟሽ።
ትንንሽ ኮንጎዎች፣ ግራው ከቀኝ ጋራ ተጣልቶ፣
አንዱ ወደ ምሥራቅ፣ አንዱ ወደ ምዕራብ ዞሮ ተኝቶ።

ሦስተኛው እርከን ላይ ግን አንዲት ቦታ ባዶ ናት።
አምና የመሪጌታ ጥዑመ ልሳን በረባሶ ያረፈባት፣
ከመኪና ጎማ የተቆረጠ፣
ከውጭ ቆሞ ስንት ሌሊት ዜማ ያዳመጠ።
ዘንድሮ ማንም ሰው ጫማ አላኖረባትም፤
አትንኩ ያለ የለም፤ ማንም አልነካትም።

ማኅሌቱ ጦፈ። ከበሮው ሲመታ፣
ድንጋዩ ሥር ለሥር ሲርድ፣ በየተርታ
የቆሙት ባዶ ጫማዎች ተነቃነቁ፤
ያለ እግር አሸበሸቡ፣ ያለ ሰው ሞቁ።
«ዮም» ይላሉ ከውስጥ። ግእዝ አልተማርኩም፤
ይህችን አንዲት ቃል ግን ማንም አይነጥቀኝም፤
ዛሬ ማለት ናት።
ያን ያህል ዘመን ያለፈው ነገር «ዛሬ» መባሉ
ገረመኝ፤ ኮንጎዎቹ ግን ያመኑ ይመስላሉ።

ቅዳሴው ሲወጣ ግቢው ተተራመሰ፤
«እንኳን አደረሰህ!» ነጠላ በነጠላ ላይ ፈሰሰ።
«የማነው ይኼ ግራ?» «የኔ ቀኝ የታለ?»
ባዩሽ በባዶ እግሯ፣ ተረከዙ ከእጇ ተንጠለጠለ።
ወታደሩን እንየው በክንዱ ይዞታል፤
«የት ትሄዳለህ? ለቅርጫው አንድ ሰው ጎድሎናል፣»
ይለዋል። ዋሸ። መደቡ ሙሉ ነው፤ ትናንት ቆጥረናል።

ሲነጋ ደጁ ላይ አንድ ጥንድ ብቻ ቀረ፤
ሸራ ጫማ ነው፣ ጣቱ ጋ በክር የታሰረ።
የዲያቆን ልሳነ ወርቅ፤ ልጅ ነው፣ አሥራ አራት ዓመቱ፣
ከእሳቱ ወደ ቅዳሴው ሲል ያደረ፣ ከቅዳሴው ወደ እሳቱ።
ጫማውን አንጠልጥዬ ዞርኩ በስተምሥራቅ፣
ጭስ ወደሚታይበት፣ ከመቅደሱ ጥቂት ራቅ
ወዳለችው ጎጆ። ስሟ ቤተ ልሔም።
ስንት ዓመት «እንጨቱን ለቤተ ልሔም!» ስል ኖሬ፣
ምን እንዳልኩ የሰማሁት ዛሬ፣ ገና ዛሬ።

ልጁ ጭድ ላይ ተኝቷል፤ ዱቄት በቅንድቡ፣
ጡጫው እንደ ሕፃን፣ ፍሙ በአጠገቡ።
አልቀሰቀስኩትም።
ጫማውን ከደፉ ላይ፣ ፊቱን ወደ ውጭ አድርጌ አኖርኩት።
ከዚያ የራሴንም፣ ሌሊቱን ሙሉ ያላወለቅኩትን፣ ፈታሁት።
የሚጠብቅልኝ የለ። ድንጋዩ በረዶ።
«መደቡ አለቀ፣ ና!» ይላል እንየው ከማዶ።
«መጣሁ» አልኩ፤ አልመጣሁም፤ ቆምኩ፣ እግሬ ባዶ።