የትኬት ሻጭ ሒሳብ

ከፒያሳው ማዕዘን፣ ከአንደኛው ፎቅ ላይ፣
ጠረጴዛዬ አለ፣ ሐይቁን በስሱ የሚያይ።
ፊት ለፊት ቆርቆሮው ላይ አባ ኮዳ ይቆማል፤
ክንፍ እያለው ከሐዋሳ ሰው የዓሣ ፍርፋሪ ይለምናል።
ግድግዳዬ ላይ ሁለት ዋጋ ጽፌአለሁ፤
አንዱን "የኛው"፣ አንዱን "ርካሹ" እለዋለሁ።

ደንበኛዬ መምህር "ጊዜው አልፏል፣ ይሸጥ" ይለኛል፤
ባለ ባጃጁ ደግሞ "ባንዲራ ይሸጣል?" ብሎ ይቆጣኛል።
እኔ ምን አውቃለሁ።
ከሁለቱም ኮሚሽን እበላለሁ።

ቡርሴ መጣች ሰኞ፣ ከአባቷ ከላታሞ፤
እሱ ብሩን በመሐረብ ሦስት ዙር ጠምጥሞ።
"ዱባይ ናት" አለኝ፣ "የምትሄደው ለሥራ፤
ርካሹን ቁረጥላት፣ አታብዛብን ኪሳራ።"
"የኛውስ?" አልኩት፤ ጥያቄው ለወግ ነው።
"ልዩነቱ ጊደር ይገዛል፤ የማን ነው የኛው?"

ርካሹ እንደ ቅርጫ በሬ ነው፤ ይመደባል በየብልቱ፤
ወንበሩ ለብቻ፣ ሻንጣው ለብቻ፣ ለብቻ ውኃና መስኮቱ።
ሰባት ኪሎ በትከሻ፤ ከዚያ በላይ ካለ፣
የሻንጣው ክፍያ ትኬቱን አከለ።
ቡርሴ ቆጮውን ከሻንጣው አወጣች፣
ከአለታ ወንዶ ድረስ አቅፋው የመጣች።

በሦስተኛው ሌሊት ስልኬ ጮኸ፤ እሷ ናት፤
መሸጋገሪያው ላይ በረራው ተሰርዞባት።
"ማሽን ነው" አለችኝ፣ "ስደውል የሚመልሰው፤
አንድን ይጫኑ ይላል፤ ተጫንኩት፤ የታለ ሰው?
በመስታወቱ ማዶ የኛ አውሮፕላን ቆሟል፤
አረንጓዴ ቢጫ ቀይ፣ ጅራቱ አምሯል።
ባንኮኒው ጋ ሄድኩ፤ ልጁ በአማርኛ
'እህቴ' አለኝ፣ ውኃ ሰጠኝ፤ 'ትኬትሽ ግን አይደለም የኛ።'
ከዚያ ተነሳና በላዬ ነጎደ፤
እንዳልተጠራሁበት የዘመድ ሠርግ፣ በደጄ አልፎ ሄደ።"

ቡርሴ በአራተኛው ቀን ደረሰች። ይህን ላባቷ ስነግር፣
ባርኔጣውን ጉልበቱ ላይ አኑሮ ቆየ ሳይናገር።
"ልጄ" አለኝ ኋላ፣ "ስብሰባ ጠሩን ያኔ፤
'የኛ ነው' ሲባል ካጨበጨቡት አንዱ ነኝ እኔ።
ስማችንን ይዞ በሰው ሰማይ ዞረ፤
አንድም ቀን አላሳፈረንም።
እኔንና ቡርሴን ግን፣
አንድም ቀን አላሳፈረንም።"

ሳቅሁ።
ሳቄ ጉሮሮዬ ላይ ቀረ።

ግን የማክሰኞውን የማታ በረራ አስባለሁ፤
ስም ዝርዝሩን እኔ ነኝ የምይዘው፤ አውቀዋለሁ።
ከሰባ ወንበር ሰው ያለው በአራቱ ብቻ፤
ሁለቱ ኦዲተሮች፣ አንዷ ሙሽራ ለጋብቻ፣
አራተኛው ጦና ነው፤ ወገቡ የተሰበረ፣
በመኪና ቢሄድ ኖሮ መንገድ ላይ በቀረ።
ርካሹ ቢሆን ለአራት ሰው እዚህ ያርፋል ወይ?
ሐይቁን ቁልቁል አይቶ ያልፋል ወደ ላይ።

እሺ፤ የስልሳ ስድስቱ ባዶ ወንበር ዕዳ በማን ላይ ዋለ?
ማን ያውቃል። ምናልባት ላታሞ፣
አንዴም ሳይሳፈር፣ ሳያውቀው ከፈለ።
ምናልባት ሌላ አገር ያለ፣ ዋጋ የጨመረበት መንገደኛ፤
ምናልባት እኔ፤ እንጃ፤ ሒሳቡ አልገባም ለኛ።
ሁለት ዓመት ሙሉ ደምሬ ቀነስኩ፤
አንዴ ለመምህሩ፣ አንዴ ለባለ ባጃጁ ፈረድኩ፤
ጠዋት ቢሮ ስከፍት ግን ዋጋውን ብቻ ቀየርኩ።

ባለፈው ሳምንት ላታሞ ደወለ፤ ገዝቷል ጊደሯን፣
በዚያችው በልዩነቷ። ጠየቅሁት ስሟን።
ከበረቱ ኮቴ ተሰማኝ፤ ትንሽ ቆየ፤
"የኛዋ" አለኝ፣
ምናልባት እሷን እያየ።