የግራ እጅ ቋጠሮ

ሐምሌ ሲጋመስ፣ ግልገል አባይ ሞልቶ፣
የጣናን ከንፈር በደለል አቅልቶ፣
ነጭ ዓሳ ይነሣል ዕንቁላል ተሸክሞ፣
ጠጠሩን ፍለጋ፣ ሽቅብ ወንዙን አልሞ።
አብዬ ኑሩ ነው ቀድሞ የሚሰማው፣
ታንኳው ላይ ተጋድሞ ጆሮውን ከደንገል ሲያስጠጋው፤
«መጡ» ይላል ዝቅ ብሎ፣ እንግዳ እንዳየ ሰው፤
«በሩን ክፈቱላቸው።»

ከዚያ ማታ ወዲህ እስከ መስቀል ድረስ
መረብ አይጣል በቃ፣ ውሃው አይታመስ፤
ብርብራው አይቆረጥ፣ ፍሬው አይወቀጥ፣
በዱቄቱ ስካር አንድ ዓሳ አይገልበጥ።
(ዛፉስ ምን አደረገ? ጥላው ለወንዙ፣ አበባው ለንቡ፤
መርዙን ያወጣነው እኛ ነን፣ ሲጸና ረሃቡ።)

ይህን የፈረምን እኛው ነን፣ ቁንዝላ፣
ከማኅበሩ ዕቃ ቤት፣ ከሚያፈስ ጥላ፤
ባንቻየሁ መጣች ከወረዳው ቢሮ፣
ቦቲዋን ጭቃ ውጦት፣ ደብተሯ በላስቲክ ታስሮ፤
አንቀጹን እሷ፣ ቁጣውን እኛ አመጣን፤
«ደንቡ የማን ነው?» ስንል እየተቆጣን፣
«የሁለታችን» አለች ማህተሙን እፍ ብላ፤
ክቡም ተዘረጋ፣ ጠጠር እንደ በላ
ውሃ።

እኔ ጸሐፊ ነኝ። ደግሞም ዘብ፣ በተራ።
የሰጡን ባትሪ ድንጋይ የለው፤ ምን ሊያበራ?
ነሐሴ ዘጠኝ ሌሊት፣ በዶፉ መሃል፣
እግሬ አንድ ነገር ነካ፤ ገመድ ይመስላል።
ጎተትኩት፤ ከበደኝ። መረብ ነው፣ ክሩ ስስ፣
ዓይኑ የጠበበ፣ ጣት የማያስተነፍስ፤
ሃያ አንድ እናት ዓሳ፣ ሆዳቸው ተነፍቶ፣
ዕንቁላሉ በጣቴ መሃል እንደ ዳጉሳ ተደፍቶ።

ቋጠሮውን ዳሰስኩ። ጨለማ ነው፣ አላይም።
ቀኝ እጅ ያሰረው ወደ ግራ አይዞርም።
ይኼኛው ይዞራል። በጥርሱ ነክሶ፣ በግራው አዙሮ
የሚያስር አንድ ሰው አውቃለሁ፤ ከልጅነት ጀምሮ
በአንድ ቁርበት የተኛን።

ቃለ ጉባኤው ላይ፣ በማግስቱ ጧት፣
«ባለቤቱ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍሁለት።
ብዕሩ እምቢ አላለም። ብዕር ምን አለበት።

እሑድ ሸንጎ ሆነ። መረቡ ተሰጣ።
አንድ ቃል አልወጣ፣ አንድ ሳል አልወጣ።
አብዬ ኑሩ ብቻ በዳበሳ ቀርቦ፣
ቋጠሮውን ነካ፣ ጣቶቹን ሰብስቦ፤
ወደ እኔም አላየ፣ ወደ እሱም አላየ፣
«ግራ እጅ ነው» አለ። ሸንጎው ቆየ፣ ቆየ።

እንየው ተነሣ፣ ወንድሜ። «የኔ ነው» አለ።
«አምስት መቶ ብሩን እከፍላለሁ፤ የሚሸጥ በግ አለ።
ግን ያ ባለ ሞተር፣ ፈቃድ የያዘው ሰው፣
የወንዙን አፍ ትቶ የባሕሩን ሆድ የሚያርሰው፣
መረቡ ከዚህ ተጥሎ እስከ ደቅ የሚደርሰው፣
ማነው ቋጠሮውን፣ የእሱን የሚዳስሰው?
የናንተ ማህተም የለም ወይ ወረቀቱ ላይ?
ወይስ ክብ ነገር ነው፣ ጫፉ የማይታይ?»

ባንቻየሁ ቀላች። ብዕሯን አስቀመጠች።
መልሳ አነሣችው። «ጻፈው» ብላ አዘዘች፤
«ቅጣቱንም ጻፈው፣ ጥያቄውንም ጻፍ።
ከሥር ስሜን ጨምር። ለዞን ይተላለፍ።»
ጻፍኩት። ቀድሜ ግን «ያልታወቀ» ያልኩትን
ሰርዤ አሰፈርኩ የወንድሜን ስም፣ ቀጥሎ ጥፋቴን።

በጉ ተሸጠ። እንየው በአንገቱ ሰላም ይለኝ ጀመር፣
ግራ እጁን ግን ከጋቢው ሥር ይቀብር።
ከዞኑ መልስ አልመጣም። ሁለት ጊዜ ጻፍን።
ባንቻየሁ ትጠይቃለች፤ እኛም አልሰነፍን።

ትናንት ግን፣ መስከረም ሃያ ሦስት ጧት፣
ብርብራው ሥሩን ከነከረበት፣
ውሃው ጠርቶ አየሁ፤ የጥፍር ልክ፣ ስስ፣
ጥላቸው ከነሱ የሚበልጥ፣ ሲፈስስ
መንጋው ወደ ጣና። ሺህ ይሁኑ እልፍ፣ አልቆጠርኩም፤
ማህተም የሌለው መልስ ነውና፣ ደብተር ላይ አላሰፈርኩም።
ከኋላዬ ሰው ቆሟል፣ ኮቴውን አጥፍቶ፤
እንየው ነው። ግራ እጁ ከጋቢው ወጥቶ።