የእብሬ መግፊያ

ኮምቦልቻ ወርጄ ነው የገዛሁት፣
ሸራ ለብሶ፣ ዶሮ ሰፍሮበት ያገኘሁት፣
የሟቹን የእብሬን መጋዝ፣ ባለጠረጴዛውን።
እትዬ ሉባባ ቆጥራ ስትጨርስ ዋጋውን
ጓዳ ገብታ አንዲት የወይራ ቁራጭ ይዛ ወጣች፤
«መግፊያውን ካልወሰድህ ብርህን ያዝ» አለች።
እጀታው በእጅ ወዝ ጠቁሯል፣ ሆዱ በጥርስ ተበልቷል።
«ስንቴ ነክሶታል?» ብላት፣ «ቁጠረው፤ እሱ ይነግርሃል።»
አስራ አንድ።
«የእብሬንስ ጣት ታውቃለህ? ጀናዛው ሲታጠብ፣ በዚያች ሰዓት
አስሩም ነበሩ። አስሩም። በል አበሽር፣ ስራበት።»

በአይሱዙ ጭኜው ሐረጎን ስወጣ፣ በየኩርባው ሲላጋ
እንኳን የብረቱ፣ የኔም ልክ ተናጋ።
ሆጤ ያለችው ክፍሌም ደሴ አይደለች? ተዳፋት፤
ሦስት እግሩ ረገጠ፣ አራተኛው አነከሰ፣ ኮምፔንሳቶ ወተፍኩለት፣
የውሃ ልኩ አረፋ መሃል ገብታ እስክትተኛ።

ከሁሉ በፊት ሶኬቱን ነቅዬ
እንደ ክታብ አንገቴ ላይ አንጠለጠልኩት፣
ማንም ሳላየው እንዳይሰካብኝ።
ረውዳ ከላማው ጥርሶች አንዷን በጠመኔ አነጣች፣
ከጠረጴዛው ቦይ እስከሷ በስኳድራ ለካች።
ላማውን በእጅ አዞርን፣ ያቺኑ ጥርስ ወደ ኋላ፤
ያው ቦይ፣ ያቺው ጥርስ፣ ልኩ ግን ሌላ።
«አንድ ሚሊ እኮ ናት አባ፣ ይቺ ምን ታመጣለች?»
«ፊት ለፊት የሳቀች ጥርስ ከኋላ ትነክሳለች።
ጣውላው መሃል መንገድ ላይ ሲጠብበው፣ ሲጨንቀው
ወደ መጣበት ይወረወራል፤ የቆመውን ነው የሚያገኘው።»

አራቱን ቡሎን አላላሁ፣ በጽድ ቁራጭ መታ፤
አለፈ። መለስ ሳደርገው ቀረ። ደግሞ መታ።
ዙህር ሰግጄ ተመለስኩ፣ ሻዩ ቀዘቀዘ፣
ቡሎኑን ሳጠብቅ ልኩ ደግሞ ተጓዘ።
ለአስር አዛን ሲጠራ ነው ፊትና ኋላው የተካከለ፤
ረውዳ ሦስቴ ለካችው፣ ሦስቴም ያንኑ አለ።

መሪውን ብረት ከቦዩ ጋር አስማማሁ፣
ከላማው ጀርባ ቀጭኗን ቢላ አቆምኩ
የተሰነጠቀው ተመልሶ እንዳይገጥም።
ቀለበቴን አወለቅሁ። እጅጌዬን ጠቀለልኩ።
«ሻሽሽን ጠበቅ አድርጊ። ግራ በይ።
ከላማው ትይዩ አይቆምም፤ እኔም አልቆምም።»

የባህር ዛፍ ሳንቃ ነበር፣ የጎረቤት በር ሊሆን፤
በመግፊያው እየገፋሁት ሸርተት አለ፣ ሳይንገራገጭ፣
ሽታው ጉንፋን እንደያዘው ቤት ክፍሉን ሞላው፤
ጫፉ ላይ ስደርስ
ሆጤ በሙሉ ድርግም።

መብራቱ ሄደ፤ ላማው ግን ገና አልሄደም።
ጨለማ ውስጥ ዞረ፣ ዞረ፣ ድምፁ ቀጠነ፣
እኛም ትንፋሻችንን ይዘን እስኪያርፍ ጠበቅን።
«አባ፣ አሁን ይነካል?»
«አይነካም። መብራት ሲሄድ ነግሮን ሄደ? ሲመጣም አይነግረን።»
ግድግዳውን ዳብሼ ማብሪያውን አጠፋሁ፣
ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ክታቤን መልሼ አጠለቅሁ።

መግፊያውን በአውራ ጣቴ ዳሰስኩት፤
አስራ ሁለተኛው፣ ትኩስ፣ ብናኙ ገና ያልረገፈ።
ምንም አላልኩም።
ረውዳ ግን በጨለማው እጄን ፈልጋ ያዘች፣
ከትንሿ ጣት ጀምራ
ቀስ እያለች መቁጠር ጀመረች።