ቀዳዳው ከመበሳቱ በፊት

ሦስት ቅዳሜ አለፈ ሣጥኑ ተከፍቶ፣
ሦስቱ የመለኪያ ዘንግ ብርድ ልብስ ላይ ተኝቶ።
አባቴ ኦድሙንድ ትራፓኖውን ይዞ
ይቆማል፣ ያስባል፤ ይቀመጣል ተክዞ።

ፍሎሮ ላይ ዝናብ ነው። ከምድር ቤቱ መስኮት
የአላፊ ጫማ ይታያል፣ የጀልባ ገመድ፣ ጭቃ፤
እኔ ባትሪ አበራለሁ፣ ክንዴ እስኪዝል ድረስ፤
«እዚህ ነው?» እለዋለሁ። «ቆይ እስኪ» ይላል፤ በቃ።

ፍሬዛዋ ትንሽ ናት፣ ጠረጴዛ ላይ የምትቆም፣
ከተዘጋው የሙያ ትምህርት ቤት በጨረታ የገዛት፣
አረንጓዴ ቀለሟ ጠርዝ ጠርዙ ላይ የተላጠ፣
ሁለት ሰው፣ አንዱ እየተሳደበ፣ በደረጃ ያወረዳት።

በመጀመሪያው ቅዳሜ «ከፊት እንሰረው» አልኩት፣
«ለእጅህም ይቀርባል።»
የወረቀት ዘንግ ቆርጦ ገበታዋ ላይ ለጠፈ፤
«ግንባር ላይ የቆመ ሁሉ» አለ፣ «ይመታል።
ፍቅፋቂው በትኩሱ ይዘንብበታል፣ ዘይቱ ይወርዳል፤
የገበታዋን ማሰሪያስ እንዴት አጠብቃለሁ? ዘንጉ ይጋርዳል።
ደግሞ ሆዴ አለ» ብሎ በመዳፉ መታ፣
«እሱም ቦታ ይፈልጋል፣ ሰባ ዓመት የሞላው ጌታ።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ከጀርባ ለካ።
ከጀርባ ንጹሕ ነው፤ አይነካም፣ አይታይም፤
ግን ገበታዋ ወደ ምሰሶው ስታፈገፍግ
እንደ ድሮዋ እስከ ጥግ አትደርስም።
አሥራ ስምንት ሚሊሜትር።
በካሊበር ለካው፣
በጣቱ ለካው፣ ቀጥሎ በዝምታ።
«አሥራ ስምንት» አለ፣ ዕዳ እንደሚቆጥር ሰው፤
ሄሪንግ ጠብሰን በላን፤ አልተነጋገርንም ማታ።

የተጣላነው ግን በቁጥር ማሳያው ነው።
«ግድግዳው ላይ ይሰቀል» አልኩት፤ ግድግዳው በግራው ነበረ።
«ገመዱ አይደርስም» አለ፤
ፊቱን አዞረ።
እሱ ሲወጣ ገመዱን ዘርግቼ ሞከርኩት፤
ደርሶ አንድ ክንድ ተረፈ።
ያኔ ትዝ አለኝ፤ የግራ ዓይኑን ሞራ
ለሐኪም እንጂ ለሰው አይናገርም።
የሚታጠፍ ማቆሚያ ገዝቼ በቀኙ በኩል አሰርኩት፤
«ገመዱ አጭር ነው ስላልከኝ» አልኩት። አልተከራከረም።

ሦስተኛው ቅዳሜ። ግንባሯን እንደገና ሲዳስስ
ከቀለሙ ሥር አንዳች ነገር ጣቱን ያዘው፤
በስለት ፋቀው።
ሁለት ክቦች፣ እኩል የተራራቁ፣
በስቱኮ የተደፈኑ። ማነው የበሳው?

ከዚያ ትምህርት ቤት አንድ ልጅ ይሆናል፣
ዛሬ ሸምግሎ ያረፈ፣ ወይ ባሕር መሐል ነዳጅ እየቀዳ ያለ፤
እንደ እኔው ከፊት አሰረ፤ ተመታበት፤ ነቀለ፤
ጸጸቱን በስቱኮ ሞልቶ፣ ቀለም ደርቦ ዝም አለ።

አባቴ ክቦቹን እንደ ደብዳቤ አነበበ።
«ተባረክ» አለ ለማናውቀው ልጅ፤ ወደ ጀርባ ዞረ፤
አሥራ ስምንቱን ሚሊሜትር እንደ ቀብድ ለቀቀ፤
ትራፓኖው አንዴ ጮኸ፣
ብረቱ ተሰረሰረ።

ሲመሽ ዘንጉ ተይዞ፣ ቁጥሩ በቀኝ በርቶ፣
እጀታውን በቀስታ አዞረ። ቁጥሩ ዜሮ።
ጨመረ። ዜሮ።
«ተበላሸ?» አልኩ። ዝም በይ ብሎ እጁን አነሣ፤
ሩብ ዙር ሊሞላ ሲል ገበታዋ ተነቃነቀች፣
የመጨረሻዋ ዲጂት ከእንቅልፏ ነቃች።

እጅ ዞሯል፤ ገበታ አልሄደችም።
ጥርሱ ባረጀ ብሎን መሐል ያለችው ባዶ ናት።
«አውቃት ነበር» አለ፣ መነጽሩን በሸሚዙ እየጠረገ፣
«ሠላሳ ዓመት በግምት ስቀንሳት፣ ስቀንሳት፤
ፊቷን ግን
ዛሬ ገና አየኋት።»

ደጋግሞ ወዲያና ወዲህ አዞረ፣
እንደሚጫወት ሕፃን፤
ምንም አልፈረዘም።

ሁለቱ ዘንጎች አሁንም ብርድ ልብሱ ላይ ናቸው።
ምሰሶዋም ግራና ቀኝ አላት፤ በቀኙ ማንሻው አለ።
ወረቀት ቆርጦ በግራው ለጠፈ፣ ራቅ ብሎ አየው፣ ላጠው፤
«ባትሪውን አጥፊው፣ ለቅዳሜ ይቆየን» አለ።